በቢጎዲን ሳይቤሪያ ላይ ልዕልት የሆንኩ ዕለት

እናንተዬ፣ ዛሬ የወረደብኝን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔ ራሴ መነጽሬን ጠርጌ፣ ስልኬን አጥፍቼ አብርቼ ነው ያመንኩት።

ጠዋት ሻይዬን ይዤ ፌስቡክ ስከፍት አንድ የሚያውቀኝ ሰው ታግ አድርጎኛል።

ፎቶ ነው። የድሮ ፎቶ። እኔ ነኝ!

ፀጉሬ በቢጎዲን ተጠቅልሏል። በቢጎዲኑ ላይ ወርቃማ ሻሽ። ገላዬ ላይ ዘርፉ ወርቅ የሚመስል ቀይ የከፋይ ጋወን። እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ። እጄ ላይ ትልቅ የአበባ እቅፍ።

ከፊቴ ደግሞ አፍሮው ከራሱ የሚበልጥ አንድ ጎረምሳ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳኛል።

ከሥሩ ምን ተጽፏል? «ይቺ ኩዊን ማን ናት? ዳዲ ለምንድነው ባው የሚያደርግላት?»

የለጠፈችው የጓደኞቼ የጌታሁንና የሰናይት ልጅ ናት። ኮንኮርድ ከተማ ያለውን የወላጆቿን ቤት ጋራዥ ስታጸዳ የድሮ ስላይድ አግኝታ ስካን አደረገችው። ምስኪን፣ ክፋት የላትም።

ኮሜንቱ ነው የገደለኝ። አንድ የሄይዋርድ ልጅ «እትዬ ውቢት፣ ከንጉሣውያን ቤተሰብ መሆንዎን አናውቅም ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልን» ብሎኛል።

ልጄ፣ አይደለሁም! አባቴ ናዝሬት ላይ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ነበር።

እንግዲህ ሰናይት በራሷ አፍ ከማውራቷ በፊት እኔው ልናገር። እሷ ከጀመረችው ጾሙን ነው የምታስቀድመው፣ ያኔ አለቀልኝ።

ጊዜው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔ ሳን ሆዜ እማራለሁ። ሰናይት ኦክላንድ ሆስፒታል እየሠራች ነርሲንግ ትማራለች። ጌታሁን በርክሌ ነው። በርክሌ ስላችሁ ክላሱ ሳይሆን ሰልፉ ማለቴ ነው!

ጌታሁን እንቁላል ሲጠብስ እንኳን ስለ ጭቁኑ ሕዝብ የሚያወራ ሰው ነበር። እንቁላሉ ያርራል፣ እሱ አያቆምም።

ታላቅ ወንድሙ ያሬድ ሞስኮ ሕክምና ይማር ነበር። ታዲያ አንድ እሑድ ሰናይት አፓርትመንት ተሰብስበን ሳለ ጌታሁን ብድግ አለና «በዚህ ሰመር ሶቭየት ኅብረትን በባቡር እናቋርጣለን!» አለ።

ሞስኮ እንገባለን፣ ሳይቤሪያን ሰንጥቀን እስከ ባሕሩ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ጃፓን፣ ከጃፓን በአውሮፕላን ሳን ፍራንሲስኮ። ካርታውን ሶፋው ላይ ዘርግቶ በማንኪያ ያሳየናል።

«ቋንቋውስ?» አለች ሰናይት። ሰናይት ዝም ብላ ዝም ብላ ዋናውን ነገር የምትጠይቅ ልጅ ናት።

እዚህች ላይ አፌ አመለጠኝ።

«እኔ እችላለሁ» አልኩ።

አልችልም! ሳን ሆዜ የማታ የሩስያኛ ክላስ ጀምሬ ነበር። ጀምሬ ነበር ነው ያልኩት። ከዚያ ክላስ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው «መብራቱ ጠረጴዛው ላይ ነው» እና «ወንድሜ መሐንዲስ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ወንድም የለኝም።

ግን ሁለቱም በአድናቆት ዞረው አዩኝ። ሰው በአድናቆት ሲያያችሁ እውነቱን መናገር ትችላላችሁ? እኔ አልቻልኩም።

ሞስኮ ስንደርስ ያሬድ ተቀበለን። ፈጣኑ ባቡር ሞልቶ ስለነበር በዘገምተኛው አሳፈረን። «ምንም አይደል፣ አገሩን በደንብ ታያላችሁ» አለ።

አየን! ዛፍ አየን። ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ። ስንተኛ እሱ፣ ስንነቃ እሱ። «ቆመናል እንዴ?» እስክንባባል።

ባቡሩ ግን ደስ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው። በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ትልቅ ሳሞቫር አለ። ፉርጎውን የምታስተዳድር፣ ትከሻዋ በር የሚሞላ አንዲት ሴትዮ አለች። ሻይ ታመጣለች፣ ትቆጣለች፣ ብርድ ልብስ ታለብሳለች። ተሳፋሪው ሁሉ ቢጃማውን ለብሶ እንደ ቤቱ ይንጎራደዳል።

እኔም ኦክላንድ ካንድ የአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛኋትን ቀይ የከፋይ ጋወን አወጣኋት።

በክፍላችን አራተኛው አልጋ ላይ አንድ ገበሬ የሚመስሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጌታሁን ሲያያቸው ዓይኑ በራ።

«ውቢት፣ ጠይቂልኝ! ስለ ኅብረት እርሻ ምን ይላሉ?»

ምን ብዬ ልጠይቅ? «መብራቱ ጠረጴዛው ላይ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጠረጴዛውን አዩ፣ መብራቱን አዩ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ነገር መናገር ጀመሩ። እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ይተክዛሉ፣ መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ምን አሉ?»

«ደስተኛ ነኝ ይላሉ።»

«ይህን ሁሉ ተናግረው ደስተኛ ነኝ ብቻ?»

«በጣም ደስተኛ ነኝ ይላሉ።»

ጌታሁን አቀፋቸው! እሳቸውም ግራ እየገባቸው አቀፉት። በዚህ ዓይነት የኡራልን ተራሮች አለፍን።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ።

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። ሰናይት ደግሞ ሳይቤሪያ አይደለም ጨረቃ ላይ ብትወጣ ጾም አትፈታም። «ሥጋና ወተት የሌለበት ብለሽ እዘዢልኝ» አለችኝ። እኔም ባቡሩ ምግብ ቤት ገብቼ ለአስተናጋጇ ፈገግ አልኩ፣ ቀይ ሾርባውን ጠቆምኩ፣ ራሴን በልበ ሙሉነት ነቀነቅኩ።

«አትክልት ብቻ ነው» አልኳት ለሰናይት።

በላች። ወደደችው። በማግስቱም በላች። «ሩስያውያን ኦርቶዶክስ መሆናቸው ያስታውቃል፣ የጾም ምግብ ያውቁበታል» እያለች ታመሰግናቸዋለች።

ከዚያ አንድ ቀን ማንኪያዋ ቋ አለ።

አጥንት። ቅልጥም የሚያህል አጥንት!

ሰናይት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንባዋ ዝም ብሎ ሾርባው ላይ ጠብ ጠብ አለ። «ጾሜን አስፈታሽኝ» አለች።

ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው የሚለው ጌታሁን፣ ያ ጌታሁን፣ ለጾም ተቆርቁሮ ተነሳብኝ! «የሰው እምነት መጫወቻ ነው?» አለኝ። ቀጥሎ ቆም አለና ፊቱ ተለዋወጠ። «ቆይ… ሽማግሌውስ?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ውቢት፣ ሽማግሌው ምን ነበር ያሉት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

መጥፎ መልስ ነበር። ውሸታም አለኝ፣ ቃልሽ አይታመንም አለኝ። እኔም ይቅርታ በመጠየቅ ፋንታ፣ እንዳጠፋ ሰው ሁሉ፣ ተቆጣሁ።

«እስከ ጃፓን እንዳታናግሩኝ!» ብዬ ሻንጣዬን ጎትቼ ጥግ ላይ ካለ ባዶ ክፍል ገባሁ።

ተከትለውኝ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

አልመጡም። ታዘዙኝ!

በማግስቱ ጠዋት ራበኝ። ምግብ ቤት እንዳልሄድ እነሱ አሉ። ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሲቆም ሻሽ ያሰሩ ሴቶች የተቀቀለ ድንች በባልዲ ይዘው ወጡ። ሽታው በመስኮት ገባ። ቅቤው፣ የተነሰነሰበት ቅጠል ሁሉ ይሸታል!

በቢጎዲኔና በጋወኔ ዘልዬ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ቢጃማ ለብሶ ነው የሚወርደው፣ ማን ያየኛል?

ድንቼን ይዤ ዞር ስል ባቡሩ እየሄደ ነው።

የኛ አገር ባቡር ቢሆን ይጮሃል፣ ያቃስታል፣ ይንገጫገጫል። ይሄ ዝም ብሎ እንደ ድመት ነው የሚሄደው!

ሮጥኩ። አንዱ ነጠላ ጫማዬ አመለጠኝ። የፉርጎዋ ሴትዮ በሩ ላይ ሆና በሁለት እጇ ትጠራኛለች። ደረስኩ ደረስኩ ስል መድረኩ አለቀ።

ባቡሩ ከነፓስፖርቴ ሄደ።

እኔ፣ የናዝሬቷ ውቢት፣ የሳን ሆዜ ተማሪ፣ ሳይቤሪያ መሀል ባንድ እግር ጫማ ድንች ታቅፌ ቆምኩ።

አለቀስኩ። ድንቹን እየበላሁ አለቀስኩ።

ቀይ ኮፍያ ያደረገች የጣቢያው ኃላፊ መጣች። ቀጥሎ ፖሊስ መጣ። ፓስፖርት የለኝ፣ የመጣሁት ከአሜሪካ። ሰላይ ሊሉኝ ነው!

ይጠይቁኛል። ያለኝን ሰጠኋቸው። «ወንድሜ መሐንዲስ ነው» አልኩ። ሴትዮዋ ፖሊሱን ተመለከተች።

ፖሊሱ በጣቱ ወደ ደረቴ እያመለከተ አገር ይጠራ ጀመር። ኩባ? ኒየት፣ አይደለም። ኮንጎ? ኒየት። ኢፊዮፒያ?

«ዳ! ዳ!» አልኩ፤ አዎ፣ አዎ!

«ኢምፔራቶር?» አለ ፖሊሱ።

ጃንሆይን ያውቋቸዋል! ደስ አለኝ። «ዳ፣ ኢምፔራቶር!»

ፖሊሱ ጋወኔን አየ። ሻሼን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኢምፔራቶር… ፓፓ?» አለ።

አስቡት እስቲ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየጠዋቱ ተሰልፈን «ጃንሆይ አባታችን» ስንል ያደግን ልጆች ነን። ሰውየው አባትሽ ናቸው ወይ አለኝ።

«ዳ» አልኩ በኩራት። «ፓፓ።»

ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንበር መጣ። የብረት መያዣ ባለው ብርጭቆ ሻይ መጣ። የእንጆሪ ማርማላታ መጣ። ሴትዮዋ የጠፋውን ነጠላ ጫማዬን ራሷ ሄዳ አምጥታ በጉልበቷ ተንበርክካ አጠለቀችልኝ። ፖሊሱ ስልኩ ጋ ተቀምጦ እያላበው ይጮሃል።

እኔ ምን አሰብኩ? «ጌታሁን እውነቱን ነው!» ብዬ አሰብኩ። ባቡር ላመለጠው ተራ ሰው እንዲህ የሚያደርግ አገር! በዚያች ጣቢያ ሶሻሊስት ሆንኩ። በልዕልትነት!

እኩለ ቀን ላይ ፈጣኑ ባቡር መጣ። ያ ሞልቷል የተባለው። ለኔ አንድ ሙሉ ክፍል ተገኘ! ለስላሳ አልጋ፣ መጋረጃ፣ ቸኮላታ።

መንገድ ላይ አንድ ባቡር ቆሞ አሳለፈን። በመስኮት ሳይ የኛው ነው! ጌታሁን መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። መስታወቱን ደበደብኩ፣ ተወራጨሁ። ቀና እንኳን አላለም። ስኳሩን ያማስላል።

ከሰዓት በኋላ ትልቅ ከተማ ደረስን። ከፉርጎው ስወርድ ሱፍ የለበሱ ሰውዬ የአበባ እቅፍ ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው አንዲት ሴት በጥሩ እንግሊዝኛ «ዩር ሃይነስ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፓፓ! ወይኔ አባቴ!

ልናገር አሰብኩ። ግን በዙሪያዬ ያለው ዩኒፎርም ብዛቱ! የንጉሥ ልጅ ነኝ ብሎ ማታለል በዚህ አገር ስንት ዓመት ያሳስራል? ማድረግ የቻልኩት እጄን ቀስ አድርጌ ማውለብለብ ብቻ ነው። ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ እንደሚያደርጉት።

ያ ነገሩን አባሰው።

በመጨረሻ የኛ ዘገምተኛ ባቡር ገባ። ጌታሁን ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ወረደ፣ እየተንጠራራ። አየኝ።

«አንቺ! ሳሙናዬን ወስደሻል እንዴ?»

አስባችሁታል? እኔ ሳይቤሪያ ላይ ጠፍቼ፣ አልቅሼ፣ ነግሼ መጥቻለሁ። እሱ ሳሙና ይጠይቀኛል!

«ጠፍቼ ነበር እኮ!» አልኩ።

«የት?»

የፉርጎዋ ሴትዮ ለካ ጠዋት ሮጣ ነግራዋለች። በሩስያኛ ነዋ! እሱም ምን እንዳለች ሳይገባው «ዳ፣ ዳ» ብሎ ሸኝቷታል። የሚተረጉምለት ሰው አልነበረም።

ሰናይት ከኋላው ወረደች። ፊቴን አይታ ብቻ አንድ ነገር እንደሆነ ገባት። «ዛሬ ቁርስም ምሳም ዳቦ በርሽ ላይ እያስቀመጥኩ፣ አለመውሰድሽ ቁጣ መስሎኝ…» ብላ ድምፅዋ ተቆረጠ። ከዚያ ሁሉ የአጥንት ጣጣ በኋላ ዳቦ ታስቀምጥልኝ ነበር!

ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እዚያች ላይ ነበር። ግን አስተርጓሚዋ ወደ ጌታሁን ዞራ «እርስዎስ የልዕልቲቱ ምኗ ነዎት?» አለችው በእንግሊዝኛ።

ጌታሁን፣ «መሬት ላራሹ» እያለ ጉሮሮው የተሰነጠቀ ጌታሁን፣ «የምን ልዕልት?» ሊል አፉን ከፈተ።

«ጌታሁን፣ በእናትህ፣ ያስሩኛል!» አልኩ በአማርኛ፣ በፈገግታ፣ እጄን እያውለበለብኩ።

ዩኒፎርሞቹን አየ። ቢጎዲኔን አየ።

አፍሮው መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ። «ጓዟን ተሸካሚ አሽከሯ ነኝ» አለ።

ቀጭ! ሰናይት ፎቶ አነሳች።

«ለምን?» አልኳት ኋላ፣ ሸኝተውን ባቡራችን ውስጥ ስንገባ። «ሾርባው ገና ከሆዴ አልወጣም» አለችኝ። ያኔ ነው ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን የሳቅነው። ያኔ ነው ይቅርታዬንም የጠየቅኩት፣ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ። እስከ ጃፓን ያወራነው ወሬ የሕይወቴ ምርጡ ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ኦክላንድ ተመለስን። ጌታሁን ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርነት ተወዳድሯል። ከምርጫው በፊት ስለ ጉዞው ንግግር ሊያደርግ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያለውን አዳራሽ ተከራይተው የአካባቢው ተማሪ ሁሉ ተሰበሰበ። ከበርክሌ፣ ከሳን ሆዜ፣ ከየትም። ፊታቸው የኮሰተረ! ያኔ የሚስቅ አብዮተኛ አይታመንም።

ሰናይት ስላይዱን ታሳያለች። ጌታሁን ይናገራል። ፋብሪካ። የስንዴ ማሳ። ዛፍ። ዛፍ። «የሶቭየት ሴት ሠራተኛ ከማንም ፊት አንገቷን አትደፋም!» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኛም አንደፋም!»

ቀጭ።

ግድግዳው ሙሉ፣ ጌታሁን ተጎንብሶ። ከፊቱ እኔ፣ በከፋይ።

ሰናይት ቀጣዩን ለማምጣት ቁልፉን ትጫናለች፣ ማሽኑ ነክሶ ይዞታል!

«ጓድ ጌታሁን» አለ አንዱ ባለ ጢም ከፊት ወንበር፣ «ይህ ምንድን ነው?»

«ይሄ… ታክቲክ ነው።»

«ለፊውዳል የሚሰገድ ታክቲክ!» ጮኸ ሌላው። «አድርባይ!» አለ ሦስተኛው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ከተለጠፈባችሁ ጓደኛ የላችሁም፣ ሰላምታ የላችሁም፣ አለቀ። የጌታሁን ከንፈር ነጭ ሆነ። ግን «እሷ ናት ያደረገችኝ» አላለም። ወደ እኔ ዞሮም አላየ።

ተነሳሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ጠረጴዛውን፣ የሌለውን መሐንዲስ ወንድሜን፣ አጥንቱን፣ ድንቹን፣ ፓፓን። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። «ሳሙናዬን ወስደሻል እንዴ» ስል ከኋላ አንዲት ልጅ ፈነዳች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ተያያዘ። ባለ ጢሙ ራሱ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ሲጠርግ አየሁት!

አዳንኩት ብዬ ተቀመጥኩ።

ምርጫው ተካሄደ። ተሸነፈ። ያን ያህል የሳቁበትን ሰው ማን ሊቀመንበር ያደርጋል?

በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ከእስር ያዳንኩሽ በሰው ፊት እንድታዋርጂኝ አልነበረም። ከእንግዲህ እንዳታናግሪኝ» ብሎ ሄደ።

ሳን ሆዜ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ኩራቴ «ተዪው፣ ሲበርድለት ይመጣል፣ ክብሩን ጠብቂለት» ይለኛል። ደግሞ አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ በር ዘግቶ ሰው ይመጣልኛል ብሎ መጠበቅ ምን እንደሚመስል።

በማግስቱ በባስ በርክሌ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

ከፈተ። እንቁላል ያረረ ይሸታል።

«እንዳታናግሪኝ ብዬሽ የለም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንደተረጎምኩት፣ ‹ነገ በጠዋት ነይ› ነው የሚለው።»

አየኝ። አፉን አጥብቆ ያዘ፣ ያዘ፣ አልሆነለትም። በሩን ተደግፎ ሳቀ። «ሽማግሌው ምን ነበር ያሉት ግን?» አለኝ፣ ሳህን እያቀረበ።

እና እናንተዬ፣ ልጠይቃችሁ። «አታናግሩኝ» ብላችሁ በር ስትዘጉ፣ የእውነት ሰው እንዲታዘዛችሁ ነው የምትፈልጉት?

እኔ አንዴ ታዝዘውልኝ ሳይቤሪያ ላይ ቀርቻለሁ። አልመክራችሁም!